ለእናቴ መብራት ድራይቨር ስፈልግ

እናቴ ቁሐር ሚካኤል በምትባል የገጠር ቀበሌ የልምድ አዋላጅ ናት። ክረምት ገብቶ ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛ የጤና ጣቢያው መንገድ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ምጥ የመጣባት ሁሉ እሷን ታስጠራለች። ቤቶቹ መስኮት የላቸውም። በር ከተዘጋ ቀኑም ጨለማ ነው።

እኔ ወረታ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን «ለሰው ልጅ ሁሉ ስለ መብራት ታስተምሪያለሽ፣ ለእኔ አንድ አትሠሪልኝም?» አለችኝ።

ትንሽ ሶላር ነበረኝ፤ የሞተር ሳይክል ባትሪ ጨመርኩበት። አራት ነጭ የኤልኢዲ አምፖሎች በአንድ መስመር ቀጥዬ፣ እንዳይግሉ አሮጌ የድስት ክዳን ላይ አሰርኳቸው። ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነውን ድራይቨር ግን ተውኩት። ያለ እሱም በርቷል፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ።

ሐምሌ ላይ የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ያዛት። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ በውኃው መካከል እናቴን ተከተልኳት። ሶላሩን ጣሪያው ላይ አወጣነው፤ መብራቱን ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። ሲበራ ሴቶቹ መረቁኝ። ትንሽ ቆይቶ ደመናው ተገለጠና ኃይለኛ ፀሐይ ወጣ። አምፖሎቹ ያለ ልክ ደመቁ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ ከዚያ ድርግም አሉ። ፀሐይዋ ባትሪውን ስትሞላ ቮልቱ ከፍ ብሎ፣ የሚመጥነው ነገር ስለሌለ አቃጠላቸው።

«በሩን ክፈቱት!» አለች እናቴ። ሴቶቹ ወንዶቹን ከደጅ አርቀው በሩን በስስ ነጠላ ጋረዱት። ሕፃኗ በደኅና ተወለደች። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ የተቃጠለውን መብራት ተሸከመችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወረታ ተመልሼ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ለኤልኢዲ የሚሆን ድራይቨር ይኖርዎታል?»

«ሞልቷል» ብለው አንድ ነጭ ሳጥን አወረዱልኝ።

ቤት ወስጄ አዳዲስ አምፖሎች ገጠምኩና ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። አልበራም። ሽቦውን ፈትቼ ደግሜ አሰርኩ፤ አሁንም የለም። በመጨረሻ የሳጥኑን ጀርባ አነበብኩ፦ የሚሠራው ከከተማው መብራት ጋር ብቻ ነው። ተናድጄ መለስኩላቸው።

«ልጄ፣ ከባትሪ ነው ብለሽ መቼ ነገርሽኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያም ይበልጥ አበሸቀኝ።

ከባትሪ የሚሠራውን ከባሕር ዳር አስመጣልሻለሁ አሉኝ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል በመሐሉ ሌላ ሴት ወለደች። እናቴ በጧፍ አዋለደቻት።

በኋላ አውራ ጣት የምታህል ድራይቨር መጣች። ቤቴ ስሞክራት አራቱም አምፖሎች ወተት የመሰለ ብርሃን ሰጡ። ደስ ብሎኝ ይዣት ወደ እናቴ ወረድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ አልወጣም። በአራተኛው ቀን መብራቱ ይርገበገብ ጀመር፣ ከዚያም ደከመ።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

ፒንሳውን መሬት ላይ ወረወርኩት። ምን እንደሆነ አውቄው ነበር። ድራይቨሯ እንድትሠራ የባትሪው ቮልት ከአምፖሎቹ የቮልት ድምር በሁለት ያህል መብለጥ አለበት። ከእሷ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ አንብቤውም ነበር። አራት አምፖል ግን ባትሪው ሲደክም አይሸከመውም። እንዲህ ያለውን ስሌት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እሠራለሁ፤ የሳተውን ተማሪም በቀይ አሰምርበታለሁ። አራት ያደረግኩት ሰው አይቶ «ከከተማው መብራት ይበልጣል» እንዲለኝ ነበር።

አንዱን አምፖል ቆርጬ አወጣሁትና ሽቦውን መልሼ ቀጠልኩ። በዚያው በደከመው ባትሪ ሦስቱ ሳይርገበገቡ በሩ።

«ሦስቱስ ምን አነሳቸው?» አለች እናቴ። ምንም አላነሳቸውም።

ያ መብራት ከዚያ ወዲህ ጠፍቶባት አያውቅም። ባለፈው ስሄድ ግን ለማዋለድ ስትሰናዳ፣ የእጅ ባትሪ ገዝታ በመቀነቷ ስትሸጉጥ አየኋት።

«እማዬ፣ አሁንም አላመንሽውም?»

«አንዴ ጠፍቶብኛል እኮ» አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

መብራቱን ተሸክሜላት በጭቃው ከኋላዋ ሄድኩ።