«ባክቴሪያ አለው» ብላ ሄደች

እናቴ ገርጂ ጉልት ላይ ቆጮ ትሸጣለች፤ ሊጡንም የተጋገረውንም። እኔ ትምህርቱን አስረኛ ላይ ጥዬው የታክሲ ረዳት ነኝ። ላብራቶሪ ሲባል የማውቀው ሽንት በብልቃጥ ይዞ መሰለፍ ነው። ቆጮ እንደሚመረመር ማን ነገረኝ?

አንዲት ተመራማሪ ነኝ ያለች ልጅ መጥታ ከሊጡ በብልቃጥ ወሰደች። ከእንሰቱ የሚወጣውን ቃጫም ወሰደች፤ ከቃጫው ፌስታልን የሚተካ ነገር ልንሠራ ነው አለች። እሺ፣ ይሁን። በሳምንቱ ጓንትና ማስክ አድርጋ ለሌላ ናሙና ተመለሰች። ደንበኛ እንደቆመ፣ ፈገግ ብላ፣ «እማማ፣ ቆጮዎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ብዛቱ!» ብላ ሄደች።

በቃ። አንዷ ሴትዮ የያዘችውን ቆጮ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠች። ወሬው ጎሮ ሲደርስ «በልቶ የታመመ አለ» ሆኗል። ከእናቴ ቆጮ የሚረከቡት ክትፎ ቤቶች ስልኳን ማንሳት ተዉ። የምንኖረው በዚህ ቆጮ ነው። ጀለሶቼ ደግሞ ሙድ ይይዛሉ፦ «ባክቴሪያ! መገናኛ የሞላ ነው?»

ደሜ ፈላ። ላምበረት ጋ ያለው ላብራቶሪያቸው ሄድኩ። ዘበኛው «ቀጠሮ አለህ?» አለኝ።

«ባክቴሪያ ነኝ፤ ልትመረምረኝ ነው።»

ሲስቅ ገባሁ። ልጅቷ ስትሰማኝ ክው አለች።

«ጥሩ ባክቴሪያ እኮ ነው! ቆጮውን የሚያብላላው፣ መጥፎውን የሚያጠፋው እሱ ነው። እኔ ማድነቄ ነበር!»

«ታዲያ "ጥሩ" የሚለው ቃል ታክሲ አጥቶ ቀረ?»

«ጥናቱ ሲታተም ይወጣል…»

«እስኪታተም ጥናትሽን እንብላ? ለኔ አትንገሪኝ። እዛው ያልሽበት ቦታ፣ እዛው ሰው ፊት ነይ። ጓንትሽን ግን እዚህ ተይው።»

«መጥቼ ልበል ወይስ ልብላ?»

«ሁለቱንም!»

ቅዳሜ ገበያው ሲሞቅ መጣች። እናቴ ቀና ብላም አላየቻት። ልጅቷ ጮክ ብላ «ባክቴሪያ ያልኩት እንደ እርጎው፣ እንደ እርሾው ነው፤ ጤነኛ ነው!» አለች። ሰው ግን የሚያየው አፏን ሳይሆን እጇን ነው። ከተጋገረው ልትቆርስ እጇን ስትዘረጋ እናቴ ቆጮውን ወደራሷ ሳበችው።

«ቆይ። መጀመሪያ ታጠቢ» አለቻትና ጆጉን አነሳች። «ከየት እንደመጣሽ አላውቅም። የኔ ቆጮ ንጹህ ነው።»

ጉልቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ታጠበች፣ ቆረሰች፣ በላች፤ ደገመችም። ያቺ መልሳ ያስቀመጠችው ሴትዮ «ለኔም ጠቅልይልኝ» አለች።

ክትፎ ቤቶቹ ገና አልደወሉም። ካሰኛቸው በእግራቸው ይምጡ፤ እኛ እዛው ነን። እኔን ዛሬም ከመገናኛ እስከ ጎሮ «ባክቴሪያ!» እያሉ ይጠሩኛል።

አቤት እላለሁ።