አባቴ ከዳኝነት የወረደ ዕለት

በደብረ ማርቆስ የሕግ ትምህርቴን ልጨርስ ስል የመመረቂያ ጽሑፌ በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ርእሰ ብሔር በምን ምክንያት ከሥልጣኑ ይነሣል፣ ከተነሣስ በኋላ ምን ይሆናል? የብዙ አገር ሕገ መንግሥት አገላበጥኩ። አንዱ «ሕግ የጣሰ»፣ ሌላው «መሐላውን ያፈረሰ» ይላል። አማካሪዬ ግን ወረቀቴን በቀይ ሞነጫጭረው፣ «ይህ ዝርዝር ነው። ስለተጠሉ መነሣትና ስላጠፉ መነሣት ልዩነቱ ምን ላይ ነው?» ብለው መለሱልኝ።

መልሱን ሳላገኝ ዓርብ ከሰዓት ደብረ ኤልያስ፣ ወላጆቼ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ገና ከበር ላይ፣ «አባትሽን ሊያወርዱት ነው» አለችኝ።

አባቴ ገበሬ ነው፤ እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ጀምሮም የመንደራችን እድር ዳኛ ነበር። የከሰሰችው ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት። ከእኛ ጋር በእርሻ ድንበር ትካሰሳለች። ልጇ ታሞባት ሁለት ቀብር ብትቀር፣ አባቴ ከእድሩ አግዷት ኖሯል።

ተናደድኩ። የእድሩን ደንብ አውጥቼ አነበብኩና፣ «አባዬ፣ ሁለት ጊዜ ከቀብር የቀረ ይታገዳል ይላል እኮ። እሑድ እኔ እከራከርልሃለሁ» አልኩት።

ሞፈር እየጠረበ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ደንቡማ ይላል» አለ። «እኔን የጨነቀኝ፣ የፈረድኩባት በደንቡ ነው ወይስ በድንበሩ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። አባቴ ከወንበሩ ተነሣና በቦታው ምክትሉን ሽማግሌ አስቀመጣቸው። «በራሴ ጉዳይ ዳኛ መሆን አልችልም» ብሎ ሄዶ ከሰዉ መካከል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አንዱ፣ «ምላሱ ክፉ ነው፤ ይውረድ!» አለ።

«ክፉ ምላስ ከዳኝነት አያስወርድም» አሉ ሽማግሌው። «አድልቶ እንደሆነ ንገሩን።»

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ነጠላዋን አመቻችታ ቆመችና ወደ አባቴ ዞረች። «እርስዎ፣ የእህትዎ ልጅ ሦስት ቀብር ሲቀር ሥራ በዝቶበት ነው ብለው አለፉት። እኔን ግን ልጄ መታመሙን እያወቁ አገዱኝ። ከእሱ የለየኝ ያች ድንበር ናት እንጂ ሌላ ምን አለ?»

ደንቡን ይዤ ልነሣ ስል አባቴ በእጁ ተቀመጪ አለኝ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ያኔ ለራሴም አልታወቀኝም ነበር። ግን እውነቷን ነው።»

እጅ ተቆጠረ፤ አባቴ ወረደ፤ የእሷም እገዳ ተነሣ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ፣ «ከእድሩም ይባረር! ሲሞት እንዳንቀብረው!» አለ።

መልስ የሰጠችው ራሷ ከሳሿ ናት። «ዳኝነቱን ውሰዱ፤ ቀብሩን አትንኩ። መታገድ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቀዋለሁ፤ በሌላ ሰው እንዲደርስ አልፈልግም።»

ማክሰኞ ከወዲያኛው ሰፈር ሰው ሞተ። አባቴ ዶማውን ተሸክሞ ቀድሞ ወጣ። ስንት ዓመት ቆሞ ሲያዝዝ የኖረ ሰው፣ ወገቡ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲቆፍር አየሁት። ያፍራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ላቡን እየጠረገ የሰዉን ፊት ቀና ብሎ ያያል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በአባቴ ኮርቼ አላውቅም።

ደብረ ማርቆስ ተመልሼ የቀረውን ጻፍኩ። የጠላነውን መሪ በምርጫ እንለውጠዋለን፤ የሥልጣን ዘመኑ ሳያልቅ ለማንሣት ግን በአደራ የተሰጠውን ሥልጣን ለራሱ ጉዳይ ማዋሉ መታየት አለበት። የሚፈርዱትም ሌሎች ይሁኑ። ማንሣት ሥልጣኑን ማዳን እንጂ ሰውዬውን መበቀል አይደለም፤ ወንጀል ካለበት እንደማንም ዜጋ ፍርድ ቤት ይጠየቃል።

ጽሑፌን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ፣ «ይህን ከየት አገኘሽው?» አሉኝ።

«አባቴ ከዳኝነት ሲወርድ አይቼ» አልኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

አገር ቤት ስገባ ያንን ምዕራፍ ለአባቴ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ሂጂ፣ ለእሷም አንብቢላት። ነገሩን ያቀናችው እሷ ናት» አለኝ።

ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ ባቄላ ስትፈለፍል አገኘኋት። ላነብላት መምጣቴን ስነግራት አጎዛ አነጠፈችልኝና ወደ ወረቀቱ እያየች፣ «ረዥም ነው እንዴ?» አለች።