የደረጀ አንገትና የስፖርት መኪናው ወንበር

ዛሬ ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሄድኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። ያሳፈረኝ ነገር ኖሮ አይደለም፤ የደረጀ መኪና ጣራ ቀና አላስብል ብሎኝ ነው።

ደረጀ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በቅርቡ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ቀይ የስፖርት መኪና ገዝቷል።

ወንበሯ ነጭ ቆዳ ነው አሉ። ያየው ሰው ግን የለም። መጀመሪያ ላስቲክ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ በላይ የበግ አጎዛ አልብሶታል። መኪናዋ ድሮም ዝቅ ያለች ናት፤ ወንበሩ እንዲያ ሲቆለል ጣራው አናታችን ላይ አረፈ።

የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ስንደርስ እናቱ እትዬ አስካለ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ደረጀ ከመኪናው ወርዶም አንገቱ አልቃና ብሎታል።

«ምነው ልጄ፣ አንገትህን ምን ነካብኝ?»

«ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ብዬ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ወንበርማ ይቀየራል። አንገትህ መለዋወጫ አለው?»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሱ አጎዛውን ከወንበሩ አንስቶ መኪናዋ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ቤት ገብተን፣ «አረፍ በሉ» ሲሉን ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ከሥራችን ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሳለትም።

ደረጀን መውቀስ እዚያው ተውኩ።

እስኪ ንገሩኝ፣ እናንተስ ቤት ማንም ሳይጠግበው ላስቲክ ውስጥ እያረጀ ያለው ምንድን ነው?