እናቴና የማንጎው ጥላ

ሰው በገዛ ከተማው ጥላ ይለምናል? እኔ ለምኛለሁ። እናቴ ስኳር አለባትና ሐኪሙ «በየቀኑ ወክ ያድርጉ» አላት። የጋምቤላን ፀሐይ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። አስፋልቱ ይፋጃል፣ ባጃጁ መሄጃ አይሰጥም። ጥላ ያለው ባሮ ዳር ነው፤ ልጆች ሆነን ወንዙ ውስጥ ታጥበን ስንወጣ የምንቀመጥበት የማንጎ ሥር። እሱን ደግሞ አጥረው ፓርክ አድርገውታል።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ገና ሲያየን እጁን ዘረጋ። «እማማ፣ ፓርኩ አልተመረቀም። እስኪመረቅ ሰው አይገባም።»

በአጥሩ ብረት መሃል ሳይ፣ ቱታ የለበሰ ሰውዬ ጥላው ሥር እየተመላለሰ ወክ ያደርጋል።

«እሱስ?»

«እሱ ሰው አይደለም፤ አለቃ ነው።»

ደሜ ፈላ። አጥሩን ጨብጬ ጮህኩ። እናቴ «ተው ልጄ፣ እንሂድ» እያለች ትጎትተኛለች። ሰውዬው ላቡን እየጠረገ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት። እናቴን አይቶ ከልቡ ያዘነ መሰለ። «እውነትህን ነው፤ ስኳር ቀልድ አይደለም፣ እኔም አለብኝ። ነገ አንድ ነገር እናደርጋለን» አለ። እናቴ መረቀችው።

በማግስቱ እናቴ ቀድማኝ ከቤት ወጣች። ስንደርስ በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ጥበቃው እኛን ላለማየት አንገቱን ደፋ። አለቃው ግን ቃሉን ጠብቋል። አጥሩን ዙሪያውን በቆርቆሮ አስመትቶታል። አሁን ውስጡ አይታይም፤ የሚራመድ እግር ብቻ ይሰማል።