አባቴ ሳይሞቱ የተጠና ፍትሐት

አባቴ ጎንደር ከተማ፣ በሰፈራችን ደብር አቋቋም የሚባለውን የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። ከሰፈሩ ሰው ግማሹን ፍትሐት አድርሰው የቀበሩት እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለቅሶ ቤት ገብተው በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው «ሞት እኮ ዕረፍት ነው» ሲሉ ጎረምሳው ሳይቀር እንባውን ይጠርግ ነበር። ስለዚህ የሆስፒታሉ ፈረንጅ ሐኪም በአስተርጓሚ «ልብዎ ደክሟል፤ ዓመት ከደፈኑ መልካም ነው፤ አይጩሁ፣ አይቆጡ፣ አይድከሙ» ሲላቸው፣ እኔ ሞኟ «እግዜር ያውቃል» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው የሚመለሱ መስሎኝ ነበር።

አልተመለሱም። ሲያስተምሩ የሚደገፉትን መቋሚያ ከበር ጀርባ አቁመው አልጋ ላይ ወጡ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ አዞሩ። በርበሬ ተዉ። አውራ ዶሮአችን ጩኸቱ ልብ ያስደነግጣል ተብሎ ለጎረቤት ተሰጠ። እናቴ ስታጫውታቸው በግራ እጃቸው የቀኝ አንጓቸውን ይዘው የደም ሥራቸውን ያዳምጣሉ፤ ወሬዋን ጨርሳ ዝም ስትል «ምን አልሽ?» ይሏታል። መሳቅ እንኳ ይፈሩ ነበር። አንድ ቀን ሳቅ አመለጣቸውና ልባቸው ምን እንደሚል ለመስማት እስኪመሽ ድረስ ሳይንቀሳቀሱ ዋሉ።

እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ምላሷ ልጓም የለውም ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። አንድ ወር ታገስኩና አልጋው ጫፍ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ሞት ዕረፍት ነው ይሉ አልነበር? ታዲያ ምነው እርስዎን አስፈራዎት?»

«ለሰው ነዋ ያልኩት» አሉ፣ ግድግዳውን እያዩ።

በፊታቸው ሳቅኩ፤ ጓዳ ገብቼ ግን አለቀስኩ። የቀራቸው ቢበዛ አንድ ዓመት ነው፤ እሱንም ግድግዳ ሲያዩ ሊጨርሱት ነው። ከቀብራቸው ይልቅ ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አቋረጥኩ። ከጥዶቹ ኋላ የዝማሬ ድምፅ ሰማሁ። የአባቴ ተማሪዎች ናቸው፤ ስድስት ጢማም ጎልማሶች ክብ ሠርተው፣ ድምፃቸውን አፍነው ፍትሐት ያዜማሉ።

«ማን ሞተ?» አልኳቸው።

ከአይከል የመጣው፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰው መሪያቸው መሬት መሬት አየ። «ለጊዜው ማንም» አለ።

«ታዲያ ለማን ነው?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እህቴ፣ አትቆጪ» አለኝ። «የኔታ ያረፉ ዕለት የየደብሩ ካህን ይመጣል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዜማ ብናበላሽ ‹ያስተማራቸው ማነው?› መባሉ ይቀራል? ሬሳቸው ሳይነሣ እናዋርዳቸው?»

መቆጣት ነበረብኝ። ነገር ግን ያን ዜማ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩ ነኝና ጆሮዬን የኮረኮረው ሌላ ነገር ነው። «በዚህ አያያዛችሁማ ማዋረዳችሁ አይቀርም» አልኩ። «ርክርኩን ዘላችሁታል።» ርክርክ የሚባለው ድምፁ እየተንከባለለ የሚወርድበት ቦታ ነው።

«ሴት ልጅ ስለ ርክርክ ምን ታውቃለች?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ካንተ ይበልጥ» ብዬው ሄድኩ።

እቤት ስደርስ እናቴ አልጋው አጠገብ ምስር ትለቅማለች። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ «አባባ፣ ተማሪዎችዎ የእርስዎን ፍትሐት እያጠኑ ነው» አልኩ።

የእናቴ ሰፌድ ከጭኗ ላይ ተንሸራተተ። «ምነው ያን አፍሽን ብትዘጊው» አለችኝ። አባቴ የቀኝ አንጓቸውን ያዙ። ገደልኳቸው ብዬ ደነገጥኩ።

«ማን ይመራል?» አሉ በመጨረሻ።

«የአይከሉ።»

«እንዴት ነው?»

«ርክርኩን ይዘላል።»

«የቱ ጋ?»

በፊታቸው ዜማ አውጥቼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ አዜምኩላቸው። ዓይኔን ስገልጥ ፊታቸው ከግድግዳው ዞሯል።

«አንቺም አጥፍተሻል፤ ትቸኩያለሽ» አሉ። «ግን ዘሎ ከሚያልፈው ያንቺ ይሻላል። ነጠላዬን አቀብዪኝ።»

«ሐኪሙ አይቆጡ ብሏል እኮ» አለች እናቴ።

«ማን ይቆጣል? አርሜያቸው እመለሳለሁ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ተቆጡ። እኔን አስከትለው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥዶቹ ኋላ ሲደርሱ ተማሪዎቹ ብድግ አሉ፤ ስለ ሴት ልጅ የጠየቀኝ ሰውዬ እንዲያውም መንፈስ ያየ ይመስል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። አባቴ ምን ትሠራላችሁ ብለው አልጠየቁም። «ከመጀመሪያው» አሉ ብቻ። ርክርኩን አራት ጊዜ አስደገሟቸው። የሟቹ የክርስትና ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቀጥ አሉ።

«ምነው ቆማችሁ?»

«እዚህ ላይ እንግዲህ፣ የኔታ... ስም ይገባል» አለ የአይከሉ።

«አውቃለሁ። የማን ስም?»

አባቴ መቋሚያቸውን ጨበጥ አድርገው፣ የራሳቸውን የክርስትና ስም በራሳቸው አንደበት አስገቡና ዜማውን ቀጠሉ። ስማቸው ላይ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። መልሰው አሉት፤ በሁለተኛው ቀና አለ። የአይከሉ ሰውዬ ግን እንባው ቀድሞት ዜማው ጠፋበት።

«እኔ ቆሜ ካለቀስክ የዚያን ዕለት ማን ሊመራ ነው?» አሉት። «ድገም። ስሜንም አትዋጠው።»

ስድስቱም አብረው ስማቸውን ጠሩ። አባቴ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «እኔ ልሞትበት ግን ገና አልደረሰም።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ መሳቅ ያስቀጣን ይሆን ብለው ትንሽ ካመነቱ በኋላ ተከተሏቸው።

ስንመለስ ዳገቱ መካከል ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ። ክንዴን ሰጠኋቸው።

«አባባ፣ አሁንም ይፈራሉ?»

«እፈራለሁ እንጂ። ሳስተምር ግን ለመፍራት ጊዜ አጣሁ» አሉ። «ነገ በጧት ኑ ብያቸዋለሁ፤ ያልያዙት ብዙ ነው።»

«ሐኪሙን ምን ሊሉት ነው?»

«እሱም ይምጣ» አሉ፣ ዳገቱን እየጀመሩ። «ድምፅ ካለው አስተምረዋለሁ።»