አፈር የማይወድ ተክል

ባለፈው ማክሰኞ ዌስትቼስተር የምትኖረው ልጄ በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። ሁለት ጎልድፊሽ ገዝታ የመስታወት ገንዳ ውስጥ አስገብታለች። የተከለችላቸው ተክል ግን ግማሹ ተነቅሎ ውኃው ላይ ተንሳፍፏል፤ የቀረውም ቅጠሉ ተበልቶ ዘንጉ ብቻ ቆሟል። «ማሚ፣ የማይበሉት ተክል አለ እንዴ?» ትላለች። አኑቢያስ ግዢ፣ ድንጋይ ላይ በክር እሰሪው፣ እንዳትቀብሪው ብዬ መለስኩላት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። ልጄ ምንም አላደረገችኝም። የተናደድኩት በሞተ ሰው ነው።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በዲቪ መጥቼ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ጋሼ ተፈራ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጋሼ ተፈራ ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግራቸው ዓይናቸው ያረፈበትን ሁሉ መግዛት ነው። ቶራንስ ከተማ ቤቱን ለቅቆ ከሚሄድ ሰው አንድ ትልቅ የዓሣ ገንዳ ከነጎልድፊሾቹ ገዝተው በሩ አጠገብ አስቀመጡት። ዓሦቹ መዳፍ ያክላሉ። በጾም የመጣ ደንበኛ ሁሉ «የምትጠብሱት ይኼን ነው?» ሳይለኝ አያልፍም። አገር ቤት የእርሻ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ ስለነበር ገንዳው ለእኔ ተሰጠ፤ «ስለ ተክል የምታውቀው የሺ ናት» ተባለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ታውቃለች ተብዬ የታዘዝኩት የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነበር።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሰኞ የተከልኩትን ረቡዕ አላገኘውም። ለስላሳውን ቅጠል እንደ ሰላጣ ይግጡታል፤ ጠንከር ያለውን ደግሞ ጠጠሩን በአፋቸው እየቆፈሩ ከሥሩ ይነቅሉታል። ጋሼ ተፈራ ሰለቻቸው። «የሺ፣ በቃ ፕላስቲክ እናድርግበት» አሉኝ። አንድ ወር ይስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ፕላስቲኩ ከመጣ ያቺ «ታውቃለች» የምትባለው ነገር አብራ እንደምትቀር ገብቶኝ ነበር።

በዕረፍት ቀኔ ሁለት አውቶቡስ ይዤ ጋርዴና ሄድኩ። ጁን ነበር፤ የጃካራንዳው አበባ መንገዱን ሸፍኖት ጫማዬ ሥር እየተለጠፈ አስቸገረኝ። ሱቁ የአንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ነው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ጎዶሎ ስለነበር በጣት ተግባባን። ሽማግሌው የአኑቢያስን ቅጠል አጠፍ አድርጎ አሳየኝ፤ እንደ ቆዳ ነው፣ የዓሣ አፍ አይበሳውም። ጃቫ ፈርን የሚባለውን ሌላ ተክል ደግሞ ፊቱን አኮማትሮ መራራ መሆኑን ነገረኝ። አላመንኩትም፤ ጫፉን ቆርጬ ቀመስኩት፤ ሳቀብኝ። ከዚያ ሁለቱም በአግድም የሚሄድ፣ ዝንጅብል የሚመስል ግንድ እንዳላቸው እያሳየ ጣቱን አወዛወዘ፦ ጠጠር ውስጥ እንዳትቀብሪው፣ ይበሰብሳል። አንዱን በጥቁር ክር ድንጋይ ላይ አስሮ ሰጠኝ። የቀረውን እኔ አሰርኩ።

ሠራ። ዓሦቹ ነከሱት፣ ተፉት፣ ደግመው ነከሱት፣ ተዉት። ጠጠሩን ቢቆፍሩም የሚነቀል ነገር የለም። በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ብቅ አለ። ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ አሳየሁ፤ ሰው ሳይሰለቸኝ አልቀረም።

ጋሼ ይልማ የሚባሉ የምሳ ደንበኛ ነበሩን። አገር ቤት የግብርና ባለሙያ ሆነው ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣሉ። ሁልጊዜ ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው ሽሮ ይበላሉ። አንድ ቀን ከዕረፍቴ ስመለስ ክሩ ሁሉ ተፈትቶ ተክሉ እስከ አንገቱ ጠጠር ውስጥ ገብቷል።

«የሺዬ፣ ዝንጅብል የሚመስለውን ነገር ድንጋይ ላይ ታስሪያለሽ እንዴ? ቀብሬልሻለሁ» አሉኝ ጋሼ ይልማ፣ እየሳቁ።

«ጋሼ፣ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ሻጩ ነግሮኛል።»

«ሻጭማ ሲበሰብስብሽ ሌላ ይሸጥልሻል፤ ታዲያ ምን ይበልሽ? እኔ ገበሬ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ወደ ጋሼ ተፈራ ዞርኩ። «ተዪው፣ ጋሼ ይልማ ያውቃሉ» አሉ።

እጄን አስገብቼ ወዲያው መንቀል እችል ነበር። አልነቀልኩም። ትልቅ ሰው የነካውን አፍርሰሽ አትሥሪ ተብዬ ነው ያደግኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ግንዱ ሟሟ። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ እየተገነጠሉ ተንሳፈፉ። እሑድ ቤቱ በደንበኛ ሞልቶ ሳለ ጋሼ ተፈራ ገንዳውን አይተው፣ «ያንቺ ተክል ይኼው ነው እንግዲህ? ነገ ፕላስቲክ ኦርደር አደርጋለሁ» አሉኝ ጮክ ብለው። ጋሼ ይልማ እዚያው ተቀምጠዋል። እኔ ነኝ የቀበርኩት ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አንገታቸውን ደፍተው እንጀራቸውን ጠቀለሉ።

ክንዴን እስከ ክርኔ ገንዳው ውስጥ ከትቼ የበሰበሰውን አወጣሁትና ሽሯቸው አጠገብ ትሪው ላይ አኖርኩት። ሽታው የአጠገባቸውን ሰው ከወንበሩ አስነሳው።

«ዝንጅብልዎ ደርሷል ጋሼ» አልኩ።

ማዕድ ላይ ግም ማስቀመጥ! ወሬው ከፌርፋክስ አልፎ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ተክሉን ማን እንደቀበረው የጠየቀኝ የለም፤ የጠየቁኝ ማን እንዳሳደገኝ ነው። ጉልበት ስማ ይቅርታ ትጠይቅ ተባለ። እናቴ አገር ቤት ሆና ብትሰማ ምን ትል ይሆን ብዬ እሺ አልኩ። ጎንበስ ስል ጋሼ ይልማ ትከሻዬን ያዙኝ፤ አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠግተው፣ «ከዚያ እሑድ ሳምንት ቀድሞ ሸቶኝ ነበር፤ መበስበሱን አውቄዋለሁ» አሉኝ። አሁን ቀና ብለው ለሁሉም ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቀና አሉና፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብቻ አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ፕላስቲኩ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ተክል የጠየቀኝ ሰው የለም።

ይኼን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ያዝኑላቸዋል። «ምስኪን፣ ሙያቸውን አገር ቤት ጥለው የመጡ ሰው፣ ባለሙያ መባል ብቻ ነበር የቀራቸው» ይሉኛል። አውቃለሁ። የእኔም ያቺው «ታውቃለች» የምትባለው አንዷ ብቻ ነበረች፤ እሳቸው ወሰዷት። ሹክ ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት ተሳስተው ነው ብዬ እተወው ነበር። ሲሞቱ ለቅሶ ሄጃለሁ፣ ሦስቱንም ቀን ተቀምጫለሁ። እንባ አልወጣኝም፤ አልዋሽም።

አሁን እኔ ያኔ እሳቸው የነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ሰው ቤት ስገባ ይነሱልኛል፤ ስናገር ዝም ይባላል። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ወር ለአንዲት አዲስ ለመጣች ልጅ አንድ ሽማግሌን ከአልጋ ወደ ዊልቸር እንዴት እንደምታዛውር አሳየኋት። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችውና «እሺ እትዬ» አለችኝ። ልቤ አላረፈም። ከሥራ ስንወጣ ፓርኪንግ ድረስ ተከተልኳት።

«ያሳየሁሽ ልክ ካልሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣም» አልኳት።

«ኖ፣ ኖ፣ እትዬ። ኦኬ ነው።»

የመኪናዋን ቁልፍ እያገላበጠች መሬት መሬት ታያለች። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። አልነገረችኝም።