ከቆርቆሮው ሥር ያለችው ክፍል

ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን የምሠራ አናጢ ነኝ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በእንጉርጉሮዬ ነው። መጋዙን ስስብ ዜማ ይመጣልኛል፤ ዜማው ሲመጣ መጋዙ መስመር ይስታል። የእኔን አልጋ የገዛ ሁሉ ከአንዱ እግር ሥር ካርቶን አጥፎ የሚወሽቀው ለዚህ ነው።

ከባለቤቴ ከአበራሽና ከልጆቹ ጋር በጠባብ ቤት ስኖር የማንጎራጎርበት ጥግ አጣሁ። አንድ ቀን ዓይኔ ወደ ላይ ሄደ። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያ ሁሉ ባዶ ቦታ! ጣሪያውን ከፍ አድርጌ መስኮት ባወጣለት፣ የአወቱን ወንዝ እያየሁ፣ ዝናቡን ከራሴ በላይ እያደመጥኩ...

«ዶሮ ነህ እንዴ ቆጥ ላይ የምትወጣው?» አለች አበራሽ።

«ዝናቡ ያጅበኛል።»

«እሱ ያጅብህ፤ እኛስ ደክሞናል።»

ማዘጋጃ ቤት ስጠይቅ፣ ኮርኒስ ላይ ዕቃ መወርወር ሌላ፣ ጣሪያ አንስቶ ሰው የሚገባበት ክፍል ማውጣት ሌላ መሆኑን ነገሩኝ። ለሁለተኛው የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ንድፍ አምጣ ተባልኩ። ራሴ ሣልኩት፦ ወለል ብሎ የተከፈተ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወዲያ ወንዝ፣ ከወንዙ በላይ ወፍ። ከግርጌው ስንኝ አከልኩበት።

ከጣሪያው ሥር ሆኜ በመስኮቴ ሳይሽ፣
አንቺ የአወቱ ውሃ ወዴት ነው መንገድሽ?

የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ባለሙያ ሳሊሀ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «ጋሽ ፍስሐ፣ ወፏስ በመስኮት ትገባለች። እርስዎ በየት ሊገቡ ነው?»

ደረጃ ረስቻለሁ። የስንቱን ሰው ደረጃ የሠራሁ አናጢ!

«ደረጃው ይጨመራል» አለች ሳቋን እየዋጠች። «ከባዱ መስኮቱ ነው። ጎረቤት ግቢ ቁልቁል የሚያይ ከሆነ፣ ያለ ጎረቤት ስምምነት ፈቃድ አልሰጥዎትም።»

ስለዚህ ሕልሜ ሁሉ በእማማ ከድጃ ቃል ላይ ተንጠለጠለ። አጥር የምንጋራ ሰዎች ነን፤ ድምፄን የሚወዱት ይመስለኝ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁላቸው።

«አንተ ወንዝ ታያለህ» አሉኝ። «ከወንዙ በፊት ግን ሴቶች ልጆቼ ጸጉራቸውን ገልጠው የሚታጠቡበት ግቢ አለ። ማሎ፣ ኧረ እባክህ ፍስሐ!»

ለወፏ ስጨነቅ ልጆቹ ትዝም አላሉኝ። አቀረቀርኩ። «እና ክፍሏ ቀረች በሉኛ?» እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

«መስኮቱን ወደ መንገዱ አዙረው፣ እፈርምልሃለሁ።»

«በዚያ በኩል እኮ የባጃጅ ጋራዥ ነው፣ እማማ!»

«ታዲያ ለባጃጅ ግጠምላት! ድምፅህ እንደሆነ ወላሂ ያለ መስኮትም ይደርሰናል።»

መስኮቱ ዞረ፣ ደረጃው ተሣለ፣ ፈቃዱም ወጣ። ክፍሏን ሠራኋት። አንዱን እርከን ስሠራ ዜማ መጥቶብኝ ስለነበር ከሌሎቹ ከፍ ብሏል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲያጉረመርም ሮጬ ወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ የለም። ጮኽኩ፤ የለም። ደም ሥሬ እስኪገታተር አዜምኩ፤ ለራሴ ጆሮ እንኳ አልደረሰም።

ሲያባራ ያን እርከን ስቼ በቂጤ ወረድኩ። አበራሽ በሰላም ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ምነው ዛሬ አልዘፈንክም?»

ከአጥሩ ማዶ የእማማ ከድጃ ድምፅ መጣ፦ «ፍስሐ! ክፍልህን ወደድኳት! አላህ ዝናቡን ያብዛልህ!»

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?